ወርቂቱ ወደ ሕክምና የዘገየችበትን ምክንያት ስለማረም

ለተከበሩ ዶክተር አምባቸው፣ የጡት ካንሰር ሕሙማን ስለሚጠቀሙት የባህል ሕክምና ለሚካሄደው ጥናት ዋና ተመራማሪ፤

ካሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ጥናትዎ ማጠቃለያ የጸና ይሁን፤ ቀጠሮዎም እንደ እኛ አይራዘምብዎ። እፀገነት ይሄነው እባላለሁ፤ የመካነ ሰላም ነዋሪና የመሪጌታ ልጅ ስሆን በመዝገብዎ ግን ተሳታፊ ቁጥር አርባ አንድ ነኝ። ግራ ጡቴ ተቆርጦ ኬሞዬን ጨርሻለሁ። ባለፈው ወር ጥናትዎን በአዳራሽ ሲያቀርቡ፣ የአገራችን ሴቶች በጠበልና በሥራሥር ተዘናግተው ወደ ሕክምና እንደሚዘገዩ ስላስረዱን ከልብ አመሰግናለሁ። ለካስ የዘገየነው እኛ ኖረናል። እጄን ሳወጣ ሰዓት አልቋል ስለተባልኩ፣ ያላለቀውን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከእኔ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ለጥናትዎ የተጠየቀችው የከላላዋ ወርቂቱ፣ እብጠቱን ባገኘች በሳምንቱ በበቅሎ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። ቁስለት ነው ተብላ ኪኒን ተሰጣት፤ ስትመለስም ያው ኪኒን ተደገመላት። በአምስተኛው ወር ሪፈር ተጻፈላት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከሰባት ወር በኋላ ቀጠራት። ጠበል የገባችው ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ስትናገር አጠገቧ ነበርኩ። ጠያቂዋ «ጠበል ተጠቅመዋል?» ከሚለው ላይ «አዎ»ን አክብባ ገጹን ገለበጠች። ስለ ሰባቱ ወር የሚጠይቅ መስመር አልተሰጣትምና አልፈርድባትም፤ መጠይቁን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፦ የባህል መድኃኒት መያዜን ለሐኪም ያልነገርኩት በፍርሃት ነው ወይስ ባለማወቅ ብለው ስላስመረጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ ግን ነግሬው ነበር። አባቴ የቀመሙልኝ ጥቁር አዝሙድ ከኬሞው ጋር ይጋጭ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሣ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው አትቅመሺው፤ ያላወቅነውን አናደባልቅም» ብለው ብልቃጡን ወሰዱብኝ። ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለውን መመለስ የተመራማሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

የቀረውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። የወርቂቱ ቀጠሮ ሲደርስ በሽታው ጉበቷ ገብቶ ነበር፤ ሁለት ወር ቆይታ አረፈች። ልጠይቃት ሄጄ «የነገርኳቸውን ጻፉት ይሆን?» ስትለኝ፣ ጽፈውታል ብዬ ዋሸኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የፈረምኩት ቅጽ በማናቸውም ጊዜ ያለ ምክንያት ከጥናቱ መውጣት እንደምችል ይገልጻል። ወጥቻለሁ፤ ምክንያት ግን አለኝ። ከወግዲና ከማሻ ስድስት ሴቶች አብረውኝ ወጥተዋል፤ ፊርማቸውና የጣት አሻራቸው ተያይዟል። ወርቂቱ የተናገረችውን እንደተናገረችው እስኪጽፉ ድረስ፣ ጥናቱን በሚያቀርቡበት አዳራሽ ሁሉ እየተገኘሁ እጄን አወጣለሁ።

ለቁጥር ያለዎትን ፍቅር በጥልቅ አክብሮት እያደነቅሁ፣
ከእንግዲህ በስሜ ብቻ የምጠራው፣
እፀገነት ይሄነው፣ ከመካነ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ተሳትፏችን የሰጡንን ሰባት ሳሙና ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰናል። እጅ መታጠቡ ከእኛ ይልቅ ለእርስዎ ሳያስፈልግ አይቀርም።