ከየካ ኮረብታ ስለ ተወሰደው መረዋ ድንጋይ

ለክቡር አቶ አካሉ፥ የሕዝብ መናፈሻዎች ማስዋቢያ ክፍል ሹም፤

ክቡር ሆይ፥

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፥ ይልቁንም ጭቃ ለማያውቁት እግሮችዎና ሙገሳ ብቻ ለለመዱት ጆሮዎችዎ፥ ጽኑ ደኅንነት እመኛለሁ። ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የምንኖር እኛም፥ ከአንዲት ሴት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

የጻፍሁት ለምስጋና ነውና እንደ መሥሪያ ቤትዎ ልማድ በቁጥር እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፥ ስለ ድንጋዩ አመሰግናለሁ። በመንገዳችን ራስ ላይ ከአንድ አለት የተፈለጡ ሁለት መረዋ ድንጋዮች ከጥድ ዛፍ ላይ በጠፍር ተንጠልጥለው ነበር፤ ሲመቷቸው እንደ ደወል ይጮኻሉ። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ከጫካ ሲመለሱ እያንዳንዷ አንድ ጊዜ መትታ ታልፋለች፤ እኔም ደጄ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ጠዋት ከወጡት ቁጥር አንድ ቢጎድል፥ ወንዱ ሁሉ ችቦ ይዞ ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ልማድ ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ጫካ ወድቆ አላደረም። እርስዎም በጥበብዎ አንዱን ድንጋይ ወስደው ከእኛ ሥር በተከፈተው መናፈሻ ሰቀሉት፤ ጎብኚ ሁሉ እየመታ እንዲደሰትም መዶሻ አኖሩለት።

ሁለተኛ፥ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። የሁለቱ ድምፅ አንድ ስለ ሆነ ቆጠራው ይፋለሳል ብዬ በሰኔ አመለከትሁ። በማኅተም የከበረው ደብዳቤዎ፥ አንዱ ስለ ቀረላችሁ ምንም አልጎደለባችሁም አለኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝና፥ ቁጥርን የሚያበላሸው የጎደለ ብቻ ሳይሆን የተጨመረም መሆኑን ለሊቅ ማስረዳት አልቻልሁም። ይህኛውን ደብዳቤ በጋዜጣ የላክሁት፥ ምናልባት ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎ እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ መናፈሻው ምረቃ። ነሐሴ ሦስት ቀን ሰባት ሴቶች ወጡ። አንዷ የዱጋሳ ሚስት ሎሚ ነበረች። ባለፈች ቁጥር፥ «አባባ ወልደሰንበት፥ ሸክሜ የሁለት ሰው ነው፤ እኔን ሁለት ብለው ይቁጠሩኝ» ትለኝ ነበር። ቀልድ ስለማልወድ አንድ ብዬ እቆጥራታለሁ። ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት አልተቻለም። ስድስት ቆጠርሁ። ጥቂት ቆይቶ ሰባተኛው ተሰማ፤ ብርቱ ምት ነበር። ሎሚ ናት ብዬ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ዱጋሳ ሚስቱ ብትዘገይበት መጥቶ ጠየቀኝ፤ «መትታ አልፋለች፤ እንጨቷን ልትሸጥ ወርዳ እኅቷ ዘንድ ታድር ይሆናል» አልሁት። ቆጠራዬን አምኖ ተመለሰ።

በማግስቱ ከገደል ሥር አገኘናት። እግሯ ተሰብሮ፥ ወደ መንገዱ ሠላሳ ክንድ ያህል በክንዷ ተጎትታ ነበር። የገደላት ብርዱ ነው።

የሰባተኛውን ምት ባለቤት የነገረኝ የመናፈሻው ዘበኛ ነው። እርስዎ ሪባኑን ቆርጠው መዶሻውን አንሥተው አንድ ጊዜ መቱ፤ እንግዶችዎ አጨበጨቡ፤ ካፊያ ሲጀምር ሁላችሁም ድንኳን ገባችሁ።

አራተኛ፥ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለእርስዎ አላካፍልም። ድንጋዩን ግን ይመልሱ።

መዶሻ ላነሣው እጅዎ ከወንበሬ ሳልነሣ እጅ የምነሣ፥

ወልደሰንበት ቱሉ፥ ከየካ
ነሐሴ 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ድንጋዩ እስኪመለስ በጉም ቀን መምታት ቢያምርዎ፥ አስቀድመው መልእክት ይላኩልኝ፤ ከሴቶቹ ጋር እቆጥርዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ማታ ምትዎ ቢጎድል፥ ሹም ነው ሳንል ችቦ ይዘን ልንፈልግዎ እንወጣለን። ለሎሚ ያልወጣነውን፥ ለእርስዎ እንወጣለን።