ያለበስኳቸው ልጆች

ማክሰኞ

ስድስተኛውን ልብስ ጨረስኩ። አራት ቀሚስ፣ ሁለት ሱሪ ከነሸሚዙ። ጨርቁ ከሱቄ ነው፤ ያውም ቀበሌ ሱቅ የማይገኝ ቴትሮን። ሐጂ ሰይድ ሲያዩት፣ «አስካለ፣ ይኼ እኮ የሠርግ ልብስ ነው» አሉኝ። ብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው፤ የኮሚቴያችንም ሰብሳቢ። እኛ የደሴ ነጋዴዎች ገንዘብ አሰባስበን፣ ልምሻ እግራቸውን የመታቸውን ስድስት ልጆች አዲስ አበባ ልከን ልናሳክም ነው። ቀጠሯቸው የዛሬ ሳምንት ነው። ካለፈ ተራ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት ሐጂ ለምነውኝ ነው። ልጄ ዮናስ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነውና፣ ቤት ከመቀመጥ ይሻልሻል አሉኝ። ይሻል ይሆናል። እኔ ልዩነቱ አይታወቀኝም። መርፌ ሲወጋኝ እንኳ ደሙን አያለሁ እንጂ ሕመሙ አይሰማኝም።

ረቡዕ

ጉድ ሠራሁ።

ለገንዘብ ማሰባሰቢያው ልጆቹን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ደረደርናቸው። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ፊታቸው ቅባት ተቀብቷል። ሰው እንዳያፈጥባቸው ብዬ ቀሚሱን እስከ ቁርጭምጭሚት አስረዝሜዋለሁ፤ ሱሪውንም ሰፋ አድርጌዋለሁ። የካድሬው ንግግር ረዘመ፣ አጨበጨብን። ከዚያ ሰው በፊታቸው ማለፍ ጀመረ። እህል ነጋዴዋ ወይዘሮ ከድጃ ልጆቹን አዩና፣ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያማሩ ናቸው። የታመሙትስ የታሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

ያኔ ገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬ የሰውን ጉድለት በጨርቅ መሸፈን ነው። ትከሻው ላዘነበለ እሞላለሁ፣ ሆዱ ለገፋ አሰፋለሁ። እጄ ለመደና የእነሱንም ሸፈነው። ሰዉ ሳንቲም ጣል ጣል አድርጎ ወጣ። ለአንድ ልጅ እንኳ የሚበቃ አልተገኘም።

ሐጂ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ሐጂ ሱቅ ተሰበሰብን። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሌላ ዝግጅት አለን፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም። ከኮሚቴው አባላት መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ቀሚሱም ሱሪውም ከጉልበት በላይ ይቆረጥ አለ። ሰው ያላየውን አያምንም ባይ ነው። ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። የቀሩት ዞረው እኔን አዩ፣ መቀሱ የእኔ ነዋ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ጋ ያ ጉልበት የለም።

ለነገ፦ መቀስ ማሳል። ክር። ለልጆቹ የመንገድ ይለፍ ወረቀት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከተገኘ።

ዓርብ

ልጆቹ ከነእናቶቻቸው ያረፉት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሐጂ ግቢ ነው። መቀሴን ይዤ ሄድኩ፤ ከዘይነባ ጀመርኩ። የሐርቡ ገበሬ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። መሬቱን በእጇ እየገፋች ነው የምትሄደው። እናቷ ፋጡማ ነገሩን ስነግራት አንገቷን ደፋች። እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ አለች። ልጅቱ ግን ቀሚሱን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«እትዬ፣ አፈር ስሆን አይቁረጡብኝ። እግሬን ሁሉም ሰው አይቶታል። አምሮብኝ ግን ማንም አይቶኝ አያውቅም።»

መቀሱን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ለሐጂ አልቆርጥም አልኳቸው። ታዲያ ምን ሊውጠን ነው አሉ። እኔ እናገራለሁ አልኩ። ምን እንደምናገር ግን አላሰብኩትም።

ቅዳሜ

ኮምቦልቻ ሙቀቱ አይጣል ነው። ልጆቹ በረዥሙ ልብሳቸው ተቀመጡ። ከኋላዬ አንዱ፣ እነዚህማ ደህና አይደሉም እንዴ ሲል ሰማሁትና ተነሣሁ።

ስለ ዮናስ ነገርኳቸው። ልቡን ነበር የሚያመው። ሸሚዙን ተኩሼ ስለማለብሰው፣ ያየው ሁሉ ምን ሆነና ይለኝ ነበር። ማሳከሚያ እርዱኝ ማለት አፈርኩ፤ ሱቅ እያላት ትለምናለች እንዳይሉኝ። ልብሱን ሳሳምር ጊዜው አለፈ።

«እነዚህንም ያለበስኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «እግራቸውን ካላየሁ የሚል ካለ፣ እነሱን ይተውና እኔን ይጠይቀኝ።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ የጨርቅ ዋጋ የምናገር ነበር የሚመስለው። ሌሎቹ ሲያለቅሱ አየኋቸው። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ መጣና ኪሱን ገልብጦ፣ «ስሜን ብቻ እንዳትጽፉ» አለ። ብዙ የሰጠ ሀብታም ተብሎ ግብር ይጨመርበታላ። ከእሱ በኋላ ሁሉም ስሜን አትጻፉ እያለ ሰጠ። ሐጂ አልሐምዱሊላህ፣ ለስድስቱም በቃ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ራስ ምታት ብቻ ያዘኝ።

እሑድ

ይለፍ ወረቀቱ ተፈርሟል። ነገ በማለዳ ይሳፈራሉ።

ከቅዳሴ ስመለስ ፋጡማ ዘይነባን አዝላ ሱቁ ደጃፍ ቆማለች። ልጅቱ አስቸግራኝ ነው አለች። ለካ ሌላ ቀሚስ አሰፊልኝ ብላ ነው።

«ስመለስ ኢንሻ አላህ ቆሜ ነው» አለችኝ ዘይነባ። «ያኔ ይኼኛው ያጥረኛል።»

ቆማ አታውቅም፤ በምን ልለካት? ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋትና እግሯን ቀስ አድርጌ እስከሚዘረጋ ዘረጋሁት። ሜትሩን ከትከሻዋ ጀምሬ ወደ ተረከዟ ስስብ እጄ ቆመ። አስተኝቼ የለካሁት ሰው ዮናስ ብቻ ነው። ለመግነዙ።

ዘይነባ ሜትሩ ኮረኮራትና ሳቀች። ጠረጴዛው በገላዋ ሞቅ ብሏል፣ ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። ቁጥሩን አነበብኩት፣ ጠፋኝ። ደግሜ አነበብኩት፣ አሁንም አልታይ አለኝ። ፋጡማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝና «አብሽሪ፣ እትዬ፣ አብሽሪ» አለችኝ። በሦስተኛው ነው የጻፍኩት።

ልጆቹ ይቁሙ አይቁሙ ሐኪሙም ቃል አልሰጠንም። ሰንበት መሆኑ ትዝ ያለኝ ጨርቁን ከቆረጥኩ በኋላ ነው።