በስግድ ቀን የተለካው አየር

ሐደራ፣ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1996

«በክሮም መንከሪያው ክፍል አየር ውስጥ ለካንሰር የሚያሰጋ መጠን አልተገኘም።» የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዛሬ በክፍላችን በር ላይ የለጠፈው ይህን ነው።

መቼ እንደለኩ ጠየቅሁት። «በስግዳችሁ ቀን፤ ሥራ እንዳናስፈታችሁ ብለን ነው» አለኝ እየሳቀ።

በስግድ፣ በእኛ በቤተ እስራኤል በዓል፣ ሁላችንም ኢየሩሳሌም ነበርን፤ ብረቱን ክሮም ውስጥ የምንነክርባቸው ገንዳዎች ተከድነው፣ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ነበር። ትነት የሌለበትን አየር ለክተው ንጹሕ ነው ይሉናል። ዘንድሮ ያለ ጭቅጭቅ ፈቃድ የሰጠን ለዚህ ኖሯል! ኬሚስትሪ የተማርሁትን እኔን እንዲህ ያታልለኛል?

አጠገቤ የሚሠራው ጌታሁን በየጠዋቱ አፍንጫው ይደማል። «እንግዲህ ጋሼ፣ እኔም የምተነፍሰው በስግድ ብቻ ይሁና» አለኝ። አልሳቅሁም።

ነገ ማመልከቻ አስገባለሁ። ገንዳዎቹ እየሠሩ፣ እኛ ቆመን እያየን አየሩ እንደገና ይለካ። መልሱን እስከ ዲሴምበር 1 በጽሑፍ፣ ከነፊርማው እፈልጋለሁ።