ጎቪንድ ያላየው

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዱርንፎንቴን

የሱቄ አከራይ ጎቪንድ ዛሬም የጽሑፍ ውል ስጠይቀው «ቃሌ አይበቃህም?» አለኝ። ወሬ ለመቀየር ሕንድ አገር ያለውን የመንደሩን ቤተ መቅደስ ፎቶ ከስልኩ አወጣ። ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ ሺህ ዓመት ያለፈው ነው ይላል። ምሰሶው ላይ ሲሚንቶ አየሁ።

«ይኼስ?»

«አባቴ የጠገነው ነው።»

«ከምሰሶው ኋላ ካለው መጋረጃ ጀርባስ ምን አለ?»

«አላውቅም። ካህኑ እንኳ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ነው የሚገባው።»

«ማንም ያላየውን ታምናለህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ አንተስ ታቦትህን ገልጠህ አይተሃል?»

ስለ ታቦት ያስረዳሁት እኔው ነኝ። የሲሚንቶው ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ታቦቱን ሳላየው ኖሬአለሁ፤ ውሉን ሳላይ ግን ሱቁ ውስጥ አንዲት ዕቃ አልጨምርም።