የሐጃ ዘይነብ በቆሎ

ሰኞ

ዛሬም አልዘነበም። የአከራዬ የሐጃ ዘይነብ በቆሎ ከቀትር ጀምሮ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። ገና ፍሬ አልያዘም። የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው። «ኡስታዝ፣ በቆሎ ሞተች? ከሞተ ለፍየል ልቁረጥ። ደርቆ ከቀረ ፍየልም አይበላም» አሉኝ። ባዮሎጂ ስለማስተምር የቅጠል ሐኪም አድርገውኛል። አየዋለሁ አልኳቸው። ማዘን ነበረብኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ግን ሁሉን ነገር የምሰማው እንደ ሩቅ ሰው ወሬ ነው።

ማክሰኞ

ክፍል ውስጥ የቅጠል ስታርች ፈተሽን። አልኮል የለም፤ ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመ፣ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ባዶ። ሁለቴ የተጣራ፣ ዳግም የሚሉትን አረቄ ገዛሁ። ርዕሰ መምህሩ ጠርሙሱን አይቶ «ለቅጠሉ ነው ለመምህሩ?» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ጠዋት ስወጣ ከሐጃ ማሳ ቅጠል ቀጥፌ ነበር። ቀቀልነው፣ በአረቄው አረንጓዴውን አወጣን፣ አዮዲን አንጠባጠብንበት። ምግብ የሠራ ቅጠል ይጠቁራል። ይኼ አልጠቆረም። ለተማሪዎቹ አስረዳሁ፦ ሙቀት ሲበረታ ቅጠሉ ውሃው እንዳያልቅበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ሲዘጋ አየር አያስገባም፤ አየር ካጣ ምግብ አይሠራም። ከጥሙ ሲሸሽ ይራባል።

ስመለስ ለሐጃ «ይቆረጥ» አልኳቸው። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ። ማጭዳቸውን ሊስሉ ሄዱ።

ረቡዕ

ሬዲዮው የዓለም አየር እየሞቀ ነው ይላል። ሐጃ ቀድመው ነግረውኛል፦ «ዱሮ ዝናብ ቃል አለው። አሁን ዋሽቷል።» ራስ ምታት። ደብተር አላረምኩም።

ሐሙስ

ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እጄ ቆመ። ቅጠል ቀን የሠራውን ሌሊት ይጨርሳል። በማለዳ ከተቀጠፈ ጤነኛውም አይጠቁርም! ምን አይቼ ነው የፈረድኩት? ጠመኔውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

የማሳው ላይኛው ግማሽ ተቆርጧል። ፍየሎቹ እየበሉ ነው። «ያቁሙ!» አልኩ። ሐጃ ማጭዳቸውን እንደያዙ «አንተ ነው ቁረጥ ያለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አመሻሽ ላይ ከታችኛው ግማሽ ቀጥፌ እዚያው ከሰል ላይ ቀቀልኩ፣ በተረፈው አረቄ አረንጓዴውን አወጣሁ። አዮዲኑን ሳንጠባጥብ ሐጃ ከጎኔ ቁጢጥ ብለዋል። ጠርዙ ጠቆረ። ጠርዙ ብቻ፤ መሐሉ ፈዛዛ ነው።

አርብ

ታችኛውን ትተውታል። «ያፈራል?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኩ። ስለተቆረጠው አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ፣ ዞር ብሎ ወደ ሆሞሻ ወረዳ ሄደ። ደጅ ቆሜ እስኪጠፋ አየሁት። ፈርቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የሆነ ነገር ስፈራ ገና ዛሬ ነው።