የላይ ቤቶች ጥሪ

ለውድ እኅቴ ለሸጌ አዝመራው፤
ፓዌ ሰፈራ፣ መንደር ሃያ አራት።

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባልሽን ቢሆነኝን ያ የጎኑ ውጋት ለቀቀው ወይ? ልጅሽ ጋሻዬ አደገ? ቆላው ተስማማችሁ? ከወደዚያ የመጣ ሰው ወባው በርትቷል ብሎ ካወራ ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ እናንተ ዘንድ ነው። እኛ ክብሩ ይስፋና በጤና አለን። ባለቤቴ ይማርሽም ልጆቻችንም ደኅና ናቸው፤ ገብሱም ዘንድሮ አላሳፈረንም። ያንቺ ደብዳቤ ግን ከግንቦት 1978 ወዲህ አልደረሰኝም፤ አንድ ዓመት ከሰባት ወር መሆኑ ነው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ጽፌልሻለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ መልሱንም ከሁለቱ ይልቅ የምፈልገው ስለ ምን እንደሆነ በተራ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ መርዶውን ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አያታችን እምዬ ብርቅዬ ታኅሣሥ 6 ቀን ዐረፈች። አልቅሰን፣ አፈር አልብሰን፣ ሰልስቷንም አውጥተናል። አርባዋ ጥር 15 ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀች። እጅና እግሯ ደኅና ነበር፤ አፏም አልተጣመመም። በማግስቱ ስትነቃ ግን አማርኛው ጠፍቷል። ውኃ ስትፈልግ በእጇ ታሳያለች። የምትናገረው የላይ ቤቶችን ቋንቋ ብቻ ሆነ።

ላይ ቤቶች የምንለውን፣ ከሰፈራችን በላይ ወይራው ሥር ያለውን ፍራሽ ታስታውሻለሽ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ መሬት ስንመዘግብ የቤቶቹን መሠረት ቆጥሬ ነበር፤ አሥራ ሰባት ነው። እዚያ የኖሩት ሰዎች እንደ ዋግ አገዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ከፊሉን ክፉ ቀን ፈጀው፤ የተረፈውም ሙጃ ገበያ ላይ ሲናገር እየተሳቀበት ልጆቹን ከለከለ። መጨረሻ ላይ ቋንቋውን የሚናገሩት እምዬና እኅቷ ብቻ ነበሩ። እኅቷ በ77 ስትሞት እምዬን አስተምሪኝ ብያት ነበር። «የሚመልስልኝ ሰው አልቋል፤ ምን ትሠራበታለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

በየቀኑ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ገና ቀን ሳለ፣ መደቡ ላይ ተነስታ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች። አንድ ነገር ትላለች፤ ዝም ትላለች፤ እሺ እንደሚል ሰው አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ከዚያ ሌላ ትላለች። ዝምታው አንድ ሰው አጠር አድርጎ ለመመለስ የሚበቃውን ያህል ነው። ውሻው በሩ ላይ መተኛቱን ተወ። ይማርሽ ቀልደኛ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ መጀመሪያ ላይ፣ እንግዳው በዚህ ዓይነት ከበዛ ቤቱ ሊጠበን ነው ብላ ስቃ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን ከመደቡ አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት ቦታ ልልቀቅላቸው ብዬ ነው አለች፤ ያን ጊዜ አልሳቀችም።

በመካከሉ የምናውቃቸውን ስሞች እንሰማለን፤ የእኅቷን፣ የአባታችንን፣ የእናታችንን። መጨረሻ ላይ ያንቺን። ካንቺ ስም በኋላ ዝምታው ይረዝማል። ደግማ ደጋግማ ትጠራሻለች። በሩን ልንዘጋ ስንነሳ ትጮኻለች። እኛ ናፍቆት ነው አልን። የእኔን ስም ግን አንድ ቀንም አልጠራችም፤ የይማርሽንም፣ የልጆቹንም። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሰንበት ሊያናዝዟት ከአሸተን ሦስት ጊዜ ወረዱ። በሦስተኛው፣ «እግዚአብሔርን ቋንቋ አይቸግረውም፤ የቸገረው እኔን ነው። ያልሰማሁትን ምን ብዬ ልፍታ? የሚያውቅ ሰው ፈልግ» አሉኝ። ወደ ሰቆጣ የሚያሳልፍ መንገድ እንደሌለ እዚያም ሳትሰሙ አትቀሩም። ግን ከፋለ የሚባል አገው ማር ነጋዴ ከዋግ ተፈናቅሎ ኩልመስክ ተጠግቷል ሲሉ ሰማሁና ሄጄ ለምኜ አመጣሁት። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ጸሐፊ በብዕር እንጂ በእግር አይሆንለትም እያለ መንገዱን ሁሉ ሲያሾፍብኝ መጣ። ታኅሣሥ 6 ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ስንገባ አባ መጥተው ይጠብቁን ነበር፤ እምዬም ጀምራለች። ከፋለ ድምፅዋን ሲሰማ ጥምጣሙን አወለቀና ደጃፉ ላይ ቆመ።

ቆይቶ፣ የእኛ ይመስላል፣ የእኛ ግን አይደለም አለ፤ የአያቱ አያት እንዲህ ሳትናገር እንደማትቀር፣ እሱ ከሦስት ቃል አንዱን ብቻ እንደሚሰማ ነገረን። አባ ምን ኃጢአት ነው የምትናገረው ብለው ጠየቁት።

«ኃጢአት አይደለም አባቴ» አለ። «ቤተሰብ እየቆጠረች ነው። ገባህ ወይ፣ ገባሽ ወይ ነው የምትለው።»

እታለም፣ ልጆች ሳለን ማታ በር ከመዝጋቷ በፊት መቀርቀሪያውን ይዛ በየስማችን ትጠራን የነበረው ትዝ ይልሻል? ፊቷ የተቀመጠው ሰው እንኳ በራሱ አፍ «ገብቻለሁ» ማለት ነበረበት። ያ የእሷ አመል ሳይሆን የላይ ቤቶች ሥርዓት ኖሯል። አንድ ማታ አንቺ ከምንጭ ስትዘገዪ እንዳትቆጣሽ ብዬ በስምሽ መለስኩ። ሌላውን ጥፋቴን ሁሉ ስቃ የምታልፍ ሴት ያን ማታ በአርጩሜ ገረፈችኝ፤ በሩንም ከፍታ እስክትመጪ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ያልገባ ሰው ገብቷል ከተባለ መንገድ ላይ የሚፈልገው የለም አለችኝ።

ከፋለ ጆሮውን አቅንቶ ቆየ። «ሁሉም መልሰውላታል» አለ። «አንዷ ቀርታለች። ሸጌ ማን ናት?»

እኅቴ ናት አልኩት። ሞታለች ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። ከጠራቻቸው ውስጥ ካንቺ በቀር ያልቀበርነው የለም። ይማርሽ እጄን ያዘችና በሹክሹክታ፣ «የመለሱት ሙታን ናቸው። እሷ ካልመለሰች አለች ማለት ነው፤ ተዋት» አለችኝ።

ልተዋት ነበር። እምዬ ግን ሃያ አራት ቀን ሙሉ ያን በር እያየች መንምናለች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስምሽን ትጠራለች፤ እንባዋ ይወርዳል። አላስቻለኝም። ከፋለን «ገብቻለሁ» በእነሱ ምን እንደሚባል ጠየቅኩት፤ በጆሮዬ ነገረኝ። እንደገና ስትጠራሽ ከጀርባዋ ሆኜ ድምፄን አቅጥኜ ያንን ቃል አልኩት።

አንገቷን ዝቅ አደረገች። በእጇ ወደ በሩ አመለከተች። ይማርሽ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ እምዬ ሰማች፤ ጋደም አለች፤ አልተነሳችም። አባ ጸሎቱን ሲያደርሱላት በግንቡ ስንጥቅ የምትገባው ፀሐይ ገና መደቡ ላይ ነበረች።

ከፋለ እህል ውኃ ሳይቀምስ ሄደ። ሲሰናበተኝ ያን ቃል እንዳልደግመው አስጠነቀቀኝ። አባም ወደ ውጭ ጠርተው፣ «ለሄደችው ዕረፍት ሰጥተሃል። ላለችው ምን እንዳደረግህ ግን እኔ አላውቅም» አሉኝ።

እታለም፣ ከዚያ ቋንቋ እኔ የማውቀው አንዲት ቃል ብቻ ናት። እሷንም በሰው ስም ዋሸሁባት። እዚህ አልጽፋትም፤ ድምፅሽን አውጥተሽ ታነቢያት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግቼ አላውቅም። የታኅሣሥን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ይማርሽ ልጆቹን ደራርባ ታለብሳለች እንጂ ዝጋው አላለችኝም። ሲመሽ መቀርቀሪያውን ይዤ ስምሽን በአማርኛ እጠራለሁ። እስካሁን የመለሰ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሻው ግን ወደ ደጃፉ አልተመለሰም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ጻፊልኝ። ብዙ አልፈልግም፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርሽው ያ ጠማማ ጽሕፈትሽ «አለሁ» ካለኝ ይበቃኛል። ሥራ ቢበዛብሽ፣ ብትታመሚም እንኳ፣ ቢሆነኝ ባንቺ ስም እንዳይጽፍ።

ይማርሽ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። ልጆቹ፣ አጎታችን አራጋው፣ አባ ወልደ ሰንበትም ሰላም ብለውሻል። ለቢሆነኝ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ጋሻዬን ዓይኑን ሳሚልኝ። በአንድ መኪና አብራችሁ ለሄደችው ለጎረቤትሽ ለኡሙሀኒም ሰላምታዬን አድርሺ። በሩ ክፍት ነው።

ወንድምሽ ደርበው አዝመራው
ላስታ፣ ከላሊበላ በላይ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.