ደካማ ተማሪ ለማይገባበት የማጠናከሪያ ማዕከል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የማዕከላችን አዳዲስ ወንበሮች ዛሬም ከነላስቲካቸው እንደተጠበቁ፣ እርስዎንም እንዲሁ ከአቧራና ከሰው ንክኪ ይጠብቅልኝ።

የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከሉ አንደኛ ዓመት በመጪው ቅዳሜ ሲከበር፣ ተጠቃሚ ተማሪዎችን ወክዬ መድረክ ላይ እንዳመሰግን ጋብዘውኛል። እኔ የኤሌክትሪክ ክፍሏ ሃዊ ሌንጮ መድረክ ላይ ሳቄ ስለሚያመልጠኝ፣ ምስጋናዬን አገር እንዲሰማው በዚህ ግልጽ ደብዳቤ አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርቃቱ። ሪባኑ ሲቆረጥ እኔና ጓደኛዬ ሳሌም መዳፋችን እስኪቀላ አጨብጭበናል። ሳሌም ከእንጦጦ ጀርባ፣ የሒሳብ መምህር ለዓመታት ካልተመደበበት ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ናት፤ የሒሳብ ድጋሚ ፈተናውን ካላለፈች ከኮሌጁ እንደምትሰናበት ተነግሯት ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለውን «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» የሚል ጽሑፍ ስታነብ እንባዋ መጣ። አልደብቅዎትም፣ የእኔም መጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ መግቢያ ፈተናው። በማግስቱ ደብተራችንን ታቅፈን ስንደርስ፣ ወደ ማጠናከሪያው ለመግባት በቅድሚያ የሒሳብ ፈተና ማለፍ ግድ መሆኑ ተገለጸልን። ሳሌም ወደቀች፤ እኔም ተከተልኳት። እርስዎም ከቢሮዎ ድረስ ወጥተው፣ «ደካማ ተማሪ ካስገባን የማዕከሉ ውጤት ይወርዳል» በማለት በትዕግሥት አስረዱን። ወይ ብልኃት! ጤነኛ ብቻ የሚያስተኛ ሆስፒታልማ ምን ሬሳ ይወጣዋል? ጎበዞቹም ላስቲኩ እንዳይቀደድ በወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው፣ ጎበዝ እንደሆኑ ገብተው ጎበዝ እንደሆኑ ወጡ።

ሦስተኛ፣ ሳይደግስ አይጣላም። አጎቴ ጋሽ ጉታ ሸጎሌ ላይ ጎሚስታ ቤት አላቸው። መምህራችን ስለሺ ከሥራ በኋላ ዊንጌት ታክሲ ተሰልፈው እየመጡ፣ በከባድ መኪና ጎማ ላይ በጠመኔ እየጻፉ ክፍልፋይና የክብ ስፋት ያስተምሩን ጀመር። ጎማ ሊያስነፋ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ሳሌምን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይሄድም ነበር፤ ስትመልስ ያጨበጭባሉ፣ ስትሳሳት ከእሷ ብሰው ይናደዳሉ። የድጋሚ ፈተናውን ማለፏ የተሰማ ዕለት አንዱ ሹፌር የአይሱዙውን ጥሩምባ አንባርቆት ከጎናችን ባለው ገበያ ያሉት በጎች በሙሉ ተበተኑ፤ ሊሰድቡን የመጡት ነጋዴዎች ነገሩን ሲሰሙ ግን ስድቡን ትተው መረቋት። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ እስካሁን ጎኔን ያመኛል።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶው። በሳምንቱ የሳሌም ፎቶ «በማዕከላችን ድጋፍ ለውጤት የበቃች» ተብሎ በኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየን። እውነትዎን ነው፣ በሩን ባይዘጉባት ጎሚስታ ቤቱን ከየት ታገኘው ነበር? ሳሌም ራሷ ፎቶዋን ትኩር ብላ አየችና የማዕከሉ ውስጥ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። እኔስ ምን አውቄ።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና ክቡር ሆይ፣ ዘንድሮ ኮሌጁ የገቡት ልጆች ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ እያነበቡ በሩ ላይ ቆመዋል። አንዷ፣ ቦንቱ የምትባል፣ የድጋሚ ፈተናዋ ደርሶባት ትናንት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። ሁሉም ሰው ጎሚስታ ያለው አጎት የለውም። እባክዎን ይክፈቱላቸው፤ ወንበር ለመቀመጫ ነው።

በወደቅሁበት የመግቢያ ፈተና ልክ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽሁ፣ ደጃፍዎን እንጂ ውስጡን የማላውቀው ተጠቃሚዎ፣

ሃዊ ሌንጮ
ከሸጎሌ

ማስታወሻ፦ በዚያው ቅዳሜ እኛም ጎሚስታ ቤቱን በማዕከልነት እናስመርቃለንና በክብር ተጋብዘዋል። ቦንቱም ትመጣለች። የመግቢያ ፈተና የለንም፤ የምንቀበለው ደካማ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎም ምንም ሳይሰጉ ይምጡ፤ ከፊት ያለውን ጎማ ይዘንልዎታል።